ስለ ጉለሌ ሕፃናት ትምህርት ቤትና ስለ ሰፈሩ ሕዝብ ድርሻ

በአገራችን ስለ ዜማ ቤት፣ ስለ ቅኔ ቤትና ስለ መጻሕፍት ቤት የጻፉ ሊቃውንት ጥቂቶች አይደሉም። ይሁን እንጂ ወደ እነዚህ ከፍተኛ ጉባኤያት የደረሰው ሁሉ ያለፈበት፣ ከዚያም ሳይደርስ የቀረው ብዙው ሕዝብ በልጅነቱ የተቀመጠበት የፊደል ቆጣሪዎች መደብ፣ እንደ ተራ ነገር ስለሚታይ የጸሐፊ ዓይን ብዙ አላረፈበትም። ሕፃናት ስለሚማሩበት ስፍራ መጻፍ ለሊቅ የሚገባ ሥራ መስሎ አልታየም ይሆናል። ነገር ግን አንድ ሰፈር ራሱን እንዴት እንደሚያስተዳድር ለማወቅ የሚሻ ሰው፣ ከገበያውና ከለቅሶው ቀጥሎ ሊመለከት የሚገባው ልጆቹን ጠዋት የት እንደሚያኖርና ለዚያም ማን እንደሚከፍል ነው።

የዚህ ጽሑፍ አሳብ፣ በአዲስ አበባ ሰሜን በጉለሌ ውስጥ ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ዕድሜ ያላቸው ሕፃናት የሚማሩበት ቦታ በየዘመኑ በማን ትከሻ ላይ ቆሞ እንደ ኖረ መመርመር ነው። ባለቤቱ ማን ነው ብሎ መጠየቅ ቀላል ነው፤ በመጀመሪያ ቤተ ክርስቲያን፣ ቀጥሎ ቀበሌ፣ አሁን ደግሞ በአብዛኛው የከተማው አስተዳደርና የግል ነጋዴ ነው። ማን ተሸከመው ብሎ መጠየቅ ግን ሌላ መልስ ያመጣል። እኔ የዚሁ ሰፈር ልጅ ስለ ሆንሁ፣ ከአዋጆችና ከመጻሕፍት ሌላ በዓይኔ ያየሁትንና ከአረጋውያን የሰማሁትን እጨምራለሁ፤ የልጅነት ትዝታ አድልዎ እንደማያጣው ግን አንባቢ አስቀድሞ ይወቅልኝ።

ጉለሌ የሚለው ስም፣ ከተማዋ ከመቆርቆሯ አስቀድሞ በዚያ ምድር ይኖር ከነበረው ከጉለሌ ኦሮሞ ነገድ የመጣ ነው። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በእንጦጦ ተራራ ላይ ከትመው ሳሉ፣ በኋላም በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከተቆረቆረች ወዲህ፣ ተራራውን ከታችኛው ከተማ ጋር የሚያገናኘው ቁልቁለት በወታደር፣ በካህን፣ በእጅ ሠራተኛና በቀን ሠራተኛ እየሞላ ሄደ። የቀድሞው ባለ አገር ከፊሉ መሬቱን እየለቀቀ ራቀ፤ ከፊሉም እዚያው ቀርቶ ከመጤው ጋር ተቀላቀለ። ከተራራው ላይ እንጦጦ ማርያምና እንጦጦ ራጉኤል፣ ከታች ደግሞ ጉለሌ ሩፋኤልና ሌሎች አድባራት ስላሉ፣ በዚህ በኩል የሚኖር ሰው ከደወል ድምፅ የራቀበት ዘመን የለም ለማለት ይቻላል።

ከመጤዎቹ መካከል በተለይ ሊነሡ የሚገባቸው ከጋሞ ደጋ የመጡት ሸማኔዎች ናቸው። የአዲስ አበባ ሕዝብ ሁሉንም በአንድነት «ዶርዜ» እያለ ይጠራቸዋል፤ ዶርዜ ግን ከጋሞ ማኅበረሰቦች የአንዱ ስም ብቻ ነው። እነዚህ ሰዎች በሽሮ ሜዳና በአካባቢው ሰፍረው የከተማይቱን ነጠላና ቀሚስ ሲያለብሱ ኖረዋል። ሌላው የሰፈሩ መተዳደሪያ ከተራራው ላይ ነው። በ1880ዎቹ ዓመተ ምሕረት ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን ከገባ በኋላ እንጦጦ ደን ለበሰ፤ ከዚያም ጊዜ ጀምሮ የድኻ ሴቶች ሌሊት ተነሥተው ተራራውን እየወጡ፣ ጭራሮና ቅጠል በጀርባቸው ተሸክመው እየወረዱ ልጆቻቸውን አሳድገዋል።

ይህን የምዘረዝረው ያለ ምክንያት አይደለም። እንጨት የምትሸከመው እናት ልጅዋን ከንጋት ጀምሮ የምታኖርበት ቦታ ግድ ያስፈልጋት ነበር። ሸማኔው ግን በተቃራኒው ልጁ ከአጠገቡ እንዲርቅ አይፈልግም፤ አምስትና ስድስት ዓመት የሞላው ልጅ ማግ ማጠንጠን ይችላልና። እንግዲህ በአንድ ቁልቁለት ላይ ልጁን የሚያስቀምጥበት ያጣና ልጁን ለመልቀቅ የማይወድ ጎን ለጎን ይኖሩ ነበር። የሕፃናቱ ትምህርት ቤት ከእነዚህ ከሁለቱ መካከል ቆመ።

የመጀመሪያው ትምህርት ቤት በተለምዶ የቄስ ትምህርት ቤት ይባላል። ቦታው በቤተ ክርስቲያን አጥር ውስጥ፣ አንዳንድ ጊዜም በመምህሩ ደጅ ነው፤ መቀመጫው ድንጋይ፣ ግንድ ወይም ከቤት የመጣ ቁራጭ አጎዛ ነው። መምህሩ የኔታ ይባላሉ፤ ቃሉ «የእኔ ጌታ» ከማለት ያጠረ ነው። ልጁ በመጀመሪያ ፊደሉን ከሀ እስከ ፐ በሰባቱ ቅርጽ ይቆጥራል፤ ቀጥሎ ተራው በተዛወረው በአቡጊዳ ይፈተናል፤ ከዚያ በኋላ የሐዋርያው የዮሐንስን መልእክት ቃል በቃል እየነጠለ ያነባል፤ በመጨረሻም ዳዊት ይደግማል። ብዙው ልጅ ዳዊት ላይ ሳይደርስ ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ስለሚሄድ፣ ለከተማው ሕዝብ የቄስ ትምህርት ቤት ማለት ፊደሉና ሐዋርያው ማለት ሆኖ ቀረ። በቀድሞው ዘመን ፊደሉ በእጅ ይጻፍ ነበር፤ በኋላ ግን የተስፋ ገብረ ሥላሴ ማተሚያ ቤት ያተመው የፊደል ገበታ በየቤቱ ገባ፤ በካርቶን ላይ ተለጥፎ፣ ጫፉ በልጅ እጅ ተበልቶ ያላየው የእኔ ዕድሜ ሰው ጥቂት ነው።

ትምህርቱን የሚሰጡት የኔታ ብቻ አልነበሩም። ሐዋርያ የደረሰው አቡጊዳ ላይ ያለውን፣ አቡጊዳ የደረሰውም «ሀ ሁ» የጀመረውን በስንደዶ ፊደሉን እየነካ ያስቆጥራል። የኔታ ከመካከል ተቀምጠው በአንድ ጊዜ የሠላሳ ልጅ ድምፅ ይሰማሉ፤ ከሠላሳውም አንዱ ቢሳሳት ለይተው ያውቃሉ። በአውሮፓ በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ19ኛው መጀመሪያ ቤልና ላንካስተር የሚባሉ ሁለት ብሪታንያውያን ልጅ ልጅን የሚያስተምርበትን ሥርዓት «ፈጠርን» ብለው እርስ በርሳቸው የተከራከሩበት ነገር፣ በእኛ አድባራት ክርክር የማያስነሣ የዕለት ተግባር ነበር።

ለዚህ ጽሑፍ ዋናው ነገር ግን ትምህርቱ ሳይሆን የየኔታ ኑሮ ነው። ለፊደል ቆጣሪ ልጆች ተብሎ ከመንግሥት የተሰፈረላቸው ደመወዝ የለም፤ ከደብሩ የሚያገኙት ቢኖርም ስለ ቅዳሴያቸውና ስለ አገልግሎታቸው እንጂ ስለ ልጆቹ አይደለም። ስለ ልጆቹ የሚኖሩት ወላጅ በሚሰጠው ነው። እናቴ ወር በገባ ቁጥር ጥቂት ብር በመሐረብ ጫፍ ቋጥራ በአንገቴ ታስርልኝ ነበር፤ እኔም እስከ ደብሩ በር ድረስ ቋጠሮውን በእጄ ይዤ እሮጣለሁ። ያጣ ወላጅ ገንዘብ አያመጣም፤ እንጨት የምትሸከም እናት አንዲት እስር ጭራሮ ከየኔታ ደጅ ጥላ ትሄዳለች፤ ሸማኔው ለፋሲካ ነጠላ ያለብሳል፤ ሌላው ምንም የማያመጣ አለ፤ ልጁ ግን ተቀምጦ ይቆጥራል። ማን ምን እንዳመጣ የሚጽፍ አልነበረም፤ የማያውቅም አልነበረም።

ልጅ ሐዋርያውን ሲፈጽም ወላጁ ዳቦ ጋግሮ፣ ጠላ ጠምቆ የኔታንና ጎረቤቱን ይጠራል፤ ዳዊት የደገመ እንደ ሆነም ድግሱ ከፍ ይላል። በዚህ ቀን የኔታ ልጁን በሰው ፊት ያስነብቡታል። ይህ ለልጁ ክብር ነው፤ ለየኔታ ግን ፈተና ነው። ጎረቤት ሁሉ ተቀምጦ ልጁ ሲደናቀፍ ቢሰማ፣ በሚመጣው ሳምንት ሁለትና ሦስት እናቶች ልጆቻቸውን ወደ ሌላ ደብር መውሰዳቸው የታወቀ ነው። ከመንግሥት የተላከ መርማሪ የማያውቀው ይህ ትምህርት ቤት በዚህ መንገድ በዓመት ብዙ ጊዜ ይመረመር ነበር።

አንድ ነገር ላስታውስ። እኔ አቡጊዳ ላይ ሳለሁ፣ በክረምት መግቢያ፣ የኔታ ታመሙ። ከሁለት ወር በላይ ከመደባቸው አልተነሡም። ልጆቹ ግን አንድም ቀን አልተበተንም፤ አንድ ዳዊት የደገመ ጎረምሳ ያስቆጥረናል፤ እናቶች በየተራ ለየኔታ ሾርባና አጥሚት ይልካሉ፤ የወሩም ገንዘብ እንደ ወትሮው ይመጣል። የኔታ በነሐሴ ዐረፉ። ከቀብራቸው በኋላ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ጥቂት አባቶች ከደብሩ አለቃ ዘንድ ሄደው ሌላ መምህር ለመኑ፤ እስከ መስቀልም አዲሱ የኔታ በዚያው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ያን ጊዜ ይህ ሁሉ የሚሆን የሚመስል ነገር ነበረ። በውጭ አገር የትምህርትን ታሪክ ስማር ግን፣ አንድ ትምህርት ቤት መምህሩን አጥቶ፣ ሕንፃ ሳይኖረው፣ ማኅተም ሳይኖረው፣ ከአንድ መምህር ወደ ሌላው መሻገሩ ስንት ጊዜ እንደማይሆን አየሁ። በዚያ ትምህርት ቤት ውስጥ ያልሞተው የወላጆቹ ልማድ ነበረ።

ሌላም የማደንቀው ነገር አለ። ልጆቹ ከቤታቸው አማርኛ፣ ጋሞኛ፣ ኦሮምኛ፣ ጉራግኛ ይዘው ይመጣሉ፤ ንባቡ ግን ግዕዝ ነው። ግዕዝ ደግሞ የማንም እናት ቋንቋ አልነበረም። ስለዚህ የሸማኔው ልጅ ከአማራው ልጅ ወደ ኋላ ቀርቶ አይጀምርም፤ ሁለቱም ለማይገባቸው ቃል እኩል እንግዶች ናቸው። ይህን ያሰበበት ሰው አልነበረም፤ ጥቅሙም ከንባቡ ወጥቶ ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት በሚገባ ጊዜ ይቀራል። ቢሆንም በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ ልጁ ስለ አፉ አያፍርም ነበር።

ከዚህ በላይ የኔታን ማመስገን ከታሪክ ወደ ናፍቆት መውጣት ይሆናል። በዚያ አጥር ውስጥ አለንጋ ነበረ፤ አንዳንዱም መምህር ከልክ በላይ ይመታ ነበር፤ ወላጁም ብዙ ጊዜ ከመምህሩ ጋር ይስማማ ነበር እንጂ ከልጁ ጋር አልነበረም። ልጅ የሚያነበውን አይረዳም፤ የሚጫወትበት ሰዓት በሥርዓት አልተሰጠውም። በቀድሞው ዘመን ሴቶች ልጆች ጥቂቶች ነበሩ። የጋሞ ሸማኔዎችም በዕደ ጥበባቸው ምክንያት በከተማው ዘንድ የሚደርስባቸው ንቀት ከደብሩ ደጅ ላይ ተራግፎ የሚቀር አልነበረም፤ ልጆቹ በስድብ ስም ሲጠሩ ሰምቻለሁ፤ እኔም ጠርቼአለሁ። ደግሞም ከእነርሱ ብዙዎቹ ፊደል እንደ ጨረሱ ወደ ዕቃው ጉድጓድ ይመለሱ ነበር። ኅብረተሰብ ይሸከማል ስንል ሁሉን እኩል ይሸከማል ማለታችን እንዳይመስል። የእስልምና ተከታዮችም ሕፃናት በቁርኣን ቤት ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ሥርዓት ነበራቸው፤ እርሱ ግን የራሱን ጥናት የሚሻ ነው።

አሁን ወደ ዘመናዊው ትምህርት ቤት እንለፍ። ጀርመናዊው ፍሬበል በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1840 ለሕፃናት ያዘጋጀውን ቤት የልጆች አትክልት ስፍራ ብሎ ሰየመው። በአማርኛ «አጸደ ሕፃናት» የምንለው ይህንኑ የሚከተል ነው፤ «መዋዕለ ሕፃናት» ግን ውሏቸውን፣ ቀን የሚያሳልፉበትን ያሳያል። ከሁለቱ ስሞች ለጉለሌ እናት የሚስማማት ሁለተኛው ይመስለኛል፤ እርስዋ አትክልት ስፍራ አልፈለገችም፤ ልጅዋ የሚውልበትን ፈለገች እንጂ። በአገራችን የመጀመሪያው መዋዕለ ሕፃናት የተከፈተው በ20ኛው መቶ ዓመት መግቢያ ገደማ በድሬ ዳዋ ለምድር ባቡር ሥራ ለመጡ የውጭ አገር ሰዎች ልጆች መሆኑ ይነገራል። በአዲስ አበባም ለረጅም ጊዜ የዚህ ዓይነት ቤት የባዕዳንና የባለጸጎች ልጆች ነበረ። በየኔታ መደብ ላይ ያለው ልጅ ከዚህ ጋር የሚያገናኘው ነገር አልነበረም።

ነገሩ የተለወጠው ከአብዮቱ በኋላ ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው፣ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ንብረት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ነዋሪዎችን በየሰፈሩ በማኅበር አደራጀ። ለማኅበሩም የወር ኪራያቸው ከ100 ብር ያልበለጠውን ቤቶች ኪራይ የመሰብሰብ ሥልጣን፣ ከመንግሥት ጋር በመተባበርም ለአካባቢው የሚያስፈልገውን የትምህርት፣ የጤና፣ የገበያና የመንገድ አገልግሎት የማቋቋም ተግባር ሰጠው። በ1969 ዓ.ም. መግቢያ የወጣው አዋጅ ቁጥር 104 ማኅበሩን ይበልጥ አጠነከረው። በከተማችን ታሪክ አንድ ሰፈር የራሱን ገንዘብ በራሱ ሣጥን ይዞ ለራሱ ልጆች ቤት እንዲሠራ በሕግ ሲፈቀድለት ይህ የመጀመሪያው ይመስለኛል።

የቀበሌ መዋዕለ ሕፃናት የሚባለው ከዚህ ተወለደ። የሰፈሬ አረጋውያን እንደ ነገሩኝ፣ የእኛው ቀበሌ ቤት ከተወረሰ ትርፍ ቤት ሁለት ክፍል ሰጠ፤ አናጢው ጠረጴዛ ሠራ፤ ሴቶች ጭቃ ረገጡ፤ አጥሩም በእሑድ ጠዋት የሥራ ዘመቻ ታጠረ። አስተማሪዎቹ የሰፈሩ ወጣት ሴቶች ነበሩ፤ ይህ ታላቅ ለውጥ ነው። ሕፃን ልጅን ማስተማር የሴት ሥራ፣ ያውም ደመወዝ ያለው ሥራ ሊሆን እንደሚችል ጉለሌ ያየው ያን ጊዜ ነው። ሴቶች ልጆችም ከወንዶች እኩል ገቡ። ኳስ፣ ዥዋዥዌና መዝሙር መጡ፤ አለንጋው ሙሉ በሙሉ ባይጠፋም ተሸሸገ። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በተጀመረ ጊዜ ደግሞ ብዙ እናቶች በዚያው ጠረጴዛ ላይ ማታ ማታ ፊደል ቆጠሩ፤ ጉልበታቸው ከጠረጴዛው በታች አልገባ ብሎ እየሳቁ ወደ ጎን ይቀመጡ እንደ ነበረ አንዲት እናት አጫውተውኛል።

ነገር ግን ያው ቀበሌ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. እስር ቤትም ነበረ። ልጅ ጠዋት በሚገባበት አጥር አጠገብ ታላቅ ወንድሙ የታሰረበት ቤተ ሰብ አለ። ለእሑዱ ሥራ የቀረ ሰው ከኅብረት ሱቅ ስኳሩን ሊከለከል ይችል ነበር። እንግዲህ ያ አጥር በሕዝብ ፈቃድ ታጠረ ወይስ በፍርሃት? ይህን ጥያቄ ለአራት አረጋውያን ባቀርብ አራት መልስ አገኘሁ፤ ከአራቱ አንዱ ግን ሁለቱም ነው አሉኝ፤ «ፈርቼ ሄድሁ፤ ስሠራ ግን ለልጄ ነው የሠራሁት»። ስለ ዘመኑ ከተጻፉት ብዙ መጻሕፍት ይልቅ ይህ መልስ ለእኔ ግልጽ ሆኖልኛል። የታዘዘ መዋጮም ቢሆን፣ ፍሬውን ሰው በየቀኑ በዓይኑ ሲያየው፣ እያደር የራሱ ይሆናል።

ቀበሌው ከየኔታ ያልወረሰው አንድ ነገር ነበረ። የኔታን የሚመረምራቸው ወላጁ ራሱ ነበር፤ የቀበሌዋን አስተማሪ ግን የሚሾመውና የሚሽረው የቀበሌው ኮሚቴ ነው፤ ኮሚቴውም ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች አይመለከትም። ወላጁ ከዳኝነት ወርዶ መዋጮ ከፋይ ሆነ። ምናልባት ከዚህ የተነሣ ይሆናል፣ በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥና ቀበሌዎች ሲናጉ፣ ከእነዚህ ቤቶች ብዙዎቹን ሊያድን የተነሣ ሰው ያልተገኘው። በእኛ ሰፈር ግን ተገኘ። ጥቂት እናቶች አስተማሪዎቹ ሥራቸውን ጥለው እንዳይሄዱ በየወሩ እያዋጡ ከፈሉ፤ ዕድሩ አግዳሚ ወንበሮቹን አዋሰ፤ ቤቱም ጣሪያው እያፈሰሰ ቀጠለ። ልብ ቢባል፣ እነዚህ እናቶች ያደረጉት ነገር በደብሩ ግቢ የኔታ በታመሙ ጊዜ ከተደረገው የተለየ አይደለም። ያንኑ ልማድ ከአንዱ አጥር ወደ ሌላው አሻገሩት።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመዋዕለ ሕፃናትን ጥቅም ቢናገርም፣ ሥራውን በአብዛኛው ለግል ባለ ሀብት፣ ለእምነት ድርጅቶችና ለኅብረተሰቡ ተወው፤ መንግሥት ሥርዓተ ትምህርቱንና ቁጥጥሩን ያዘ። ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት በከተማው የግል መዋዕለ ሕፃናት የበዙባቸው ናቸው። እነዚህ ስለ ልጆች እንክብካቤ ያመጡት መልካም ነገር እንዳለ አልክድም፤ እንጨት ለምትሸከም እናት ግን ከድሬ ዳዋው ቤት የተሻለ ቅርበት አልነበራቸውም። በአገር አቀፍ ደረጃም በ2002 ዓ.ም. የትምህርት፣ የጤናና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች በአንድነት የቅድመ ሕፃናት እንክብካቤና ትምህርት ማዕቀፍ ባወጡ ጊዜ፣ ከመቶ ሕፃናት አሥሩ እንኳ የቅድመ መደበኛ ትምህርት አያገኙም ነበር። ከዚያ ወዲህ በመንግሥት የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ «ኦ ክፍል» የሚባለው ተከፍቶ ቁጥሩ በጥቂት ዓመታት ወደ ግማሽ ቀረበ። በአዲስ አበባም ከ2012 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ጀምሮ የከተማው አስተዳደር ለመንግሥት ትምህርት ቤት ልጆች ምግብና የደንብ ልብስ መስጠት ያዘ።

ይህን አቃልሎ የሚያይ ሰው የተራበ ልጅ አላየም። ከሸማኔው ጉድጓድ ልጁን ያወጣው ከስብከት ሁሉ ይልቅ ይህ ምሳ ነው ብዬ አምናለሁ። የእኔ ጥያቄ በሌላ በኩል ነው። በማዕቀፎቹና በመመሪያዎቹ ውስጥ «የኅብረተሰብ ተሳትፎ» የሚለው ቃል ተደጋግሞ ይነበባል፤ ሲፈታ ግን ብዙ ጊዜ ትርጉሙ ገንዘብ፣ ጉልበትና በስብሰባ መገኘት ሆኖ ይገኛል። የቀድሞው የጉለሌ ወላጅ ከመስጠት ሌላ ይፈርድ ነበር፤ መምህር ይመርጣል፣ ልጁ ሲያነብ ይሰማል፣ ያልወደደውን ትቶ ይሄዳል። ወላጁ የሚሰጠውን ማስቀረት በጎ ነገር ሆኖ ሳለ፣ የሚፈርደው አብሮ እንዳይቀር የሚጠነቀቅ ጥቂት ነው።

በዚህ ነገር የጣልያን አገሩን የሬጆ ኤሚልያን ታሪክ መመልከት ይጠቅማል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1945 ጦርነቱ እንዳለቀ፣ በዚያች ከተማ አቅራቢያ ያለች ቪላ ቼላ የተባለች መንደር ሕዝብ ጀርመኖች ጥለውት የሄዱትን አንድ ታንክ፣ ጥቂት የጭነት መኪኖችና ፈረሶች ሸጦ ለሕፃናቱ ትምህርት ቤት ሠራ። ማላጉዚ የሚባል ወጣት መምህር ይህን ሰምቶ በብስክሌት ሄዶ አየ፤ ከዚያም ዕድሜውን በሙሉ ለዚሁ ሥራ ሰጠ። በ1960ዎቹ ማዘጋጃ ቤቱ እንዲህ ያሉትን ትምህርት ቤቶች እየተረከበ ወጪያቸውን ሲሸከም፣ የወላጆችን ጉባኤ አላፈረሰም፤ ስለ ትምህርቱ የሚመክር አካል አድርጎ በትምህርት ቤቱ ውስጥ አቆየው እንጂ። ዛሬ ከዓለም ዙሪያ ሊቃውንት ሊያዩት የሚሄዱት ይህ ነው። ታንክ የሸጡት የጣልያን ገበሬዎችና ጭቃ የረገጡት የጉለሌ ሴቶች ብዙ አይለያዩም፤ የተለያየው ከእነርሱ በኋላ የተረከበው ክፍል አያያዝ ነው።

በጉለሌ ነገሩን ይበልጥ የሚያከብደው፣ የሰፈር መልክ ራሱ እየተለወጠ መሆኑ ነው። በከተማችን ከቅርብ ዓመታት ወዲህ፣ ይልቁንም በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት ከተጀመረ በኋላ፣ ብዙ አሮጌ ሰፈሮች ፈርሰው ነዋሪዎቻቸው ወደ ከተማው ዳር ወደሚገኙ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ሄደዋል። ቤት በቤት ይተካል፤ ምናልባትም በተሻለ ይተካል። ዕድሩ ግን ሲበተን አባላቱ በአራት አቅጣጫ ይሄዳሉ፤ ማን ምን እንዳመጣ ሳይጻፍ የሚያውቅ ጎረቤትም አብሮ አይጓዝም። አዲስ ሰፈር ይህን ዕውቀት ለማብቀል ስንት ዓመት እንደሚፈጅበት ተማሪዎቻችን አሁኑኑ ቢያጠኑት፣ የሚመሰክሩት ሰዎች ገና በሕይወት ሳሉ ይሆናል።

ባለፈው ክረምት ለዚህ ጽሑፍ ሥራ በሰፈሩ ስዘዋወር፣ የደብሩ ግቢ በልጆች ሞልቶ አገኘሁት። በዓመቱ ውስጥ በግልና በመንግሥት መዋዕለ ሕፃናት የሚማሩ ልጆች በዕረፍታቸው ፊደል እንዲያጠሩ ከየኔታ ዘንድ ይላካሉ፤ አንዳንዶቹም በመኪና ይመጣሉ። የፊደል ገበታው ያው ነው፤ በፕላስቲክ ተለብጦአል።

ከዚያ በፊት፣ ትምህርት ሳይዘጋ በሰኔ፣ ከአንድ መዋዕለ ሕፃናት በር ቆሜ ሳለሁ አንዲት ባልቴት በጨርቅ የተጠቀለለ ትኩስ ዳቦ ይዘው መጡ። የልጅ ልጃቸው ፊደሉን ጨርሶ ስማቸውን እንደ ጻፈላቸው ለዘበኛው ነገሩት፤ ዳቦውንም ለአስተማሪዋ እንዲያደርስላቸው ለመኑት። ዘበኛው በአክብሮት ከውጭ ምግብ ማስገባት በመመሪያ መከልከሉን አስረዳቸው። መመሪያው ለልጆቹ ጤና የወጣ ስለ ሆነ ስሕተት አልነበረም። ባልቴቲቱ ጥቂት ቆዩ፤ ከዚያም ዳቦውን በነጠላቸው ሸፍነው ወደ ደብሩ በኩል ዳገቱን ወጡ።